እድር የሌለው ከተማ

ቢቨር የሚባለውን እንስሳ በዓይኑ ያየ የአገሬ ሰው ብዙ አይደለም፤ እኔም አላየሁም። ከአይጥ ወገን ነው፤ ግን ግዙፍ ነው። ጥርሱ ብርቱካንማ፣ ጭራው ሰፊና ጠፍጣፋ ሲሆን ዛፍ በጥርሱ ገዝግዞ እየጣለ ወንዝ ይገድባል። መኖሪያው አውሮፓ፣ እስያና ሰሜን አሜሪካ ነው። ለቆዳው ሲባል ታድኖ ታድኖ የአውሮፓው ዝርያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ 1,200 ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ ከሚሊዮን በላይ ሆኗል። የእኔዎቹ ግን ያሉት በእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ከተማ ሠርቼላቸው፣ ውኃ አጠራቅሜላቸው አስተዳድራቸዋለሁ።

ጌሙ ቲምበርቦርን ይባላል። ሜካኒስትሪ የተባለ የፖላንድ ስቱዲዮ ሠርቶት በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ገና ሳያልቅ ለተጫዋች አቀረበው። ታሪኩ አጭር ነው፤ ሰው ምድርን አድርቆ ጠፍቷል፣ የቀረው የዛገ የሕንፃ አጽም ነው፣ ዓለምን የወረሱት ቢቨሮች ናቸው። ብረት ሲያስፈልጋቸው ከእኛ ፍርስራሽ ይለቅማሉ። ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ ያያቸዋል፤ እዚህ ግድብ ይሠራ፣ እዚያ ካሮት ይተከል፣ ያኛው ዛፍ ይቆረጥ ይላል። ያዛል እንጂ አይታይም። አንድም ቢቨር ቀና ብሎ አያየውም፤ ስለ እሱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ አይለምኑትም፤ አያማርሩትም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሰው በዚህ ዕድሜ ጌም ይጫወታል ወይ ለሚለኝ መልሴ ውኃው ነው። ቲምበርቦርን ውስጥ ውኃ እንደ እውነተኛ ውኃ ይፈሳል፤ ቁልቁል ይሄዳል፣ የተገደበበት ቦታ ይጠራቀማል፣ በፀሐይ ይተናል፣ ዳርቻውን ያለመልማል። ድርቅ ሲመጣ ምንጩ ቀጥ ይላል። ወንዙ እያነሰ እያነሰ ይሄድና አልጋው ይቀራል፤ አረንጓዴ የነበረው መሬት ቡናማ ይሆናል፤ ያልደረሰ ሰብል ይደርቃል። ስለ ተፋሰስና ስለ ትነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሁሉ እዚያ ሲሠራ አየሁት። ስለዚህ ጎበዝ ሆንኩ። ከፍ ዝቅ የሚሉ የውኃ በሮችን አቆምኩ፤ ጥልቅ ማጠራቀሚያ አስቆፈርኩ፤ ረጅም ድርቅ ሲመጣ ከተማዬ አረንጓዴ እንደሆነች የምታልፍበት ጊዜ መጣ። መብራት ካልሄደ በቀር የሚያሰጋኝ አልነበረም። (መብራት ሲሄድና የላፕቶፑ ባትሪ ሲያልቅ፣ ከእኔም በላይ ሌላ አስተዳዳሪ እንዳለ አስታውሳለሁ።)

ከተማዋ ስትሞላ መዝናኛው ይከተላል። እሳት ዙሪያ የሚሰበሰቡበት፣ ጭቃ ውስጥ የሚንከባለሉበት፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው ነፋስ የሚቀበሉበት፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ለማሰላሰል የሚሆን ሥፍራ እንኳ አለ። ጥርሱ የተሸረፈበት ቢቨር ጥርሱን የሚያስተካክልበት የመሳያ ድንጋይም አለው። እያንዳንዱ ቢቨር የደኅንነት ነጥብ ይያዝለታል፤ የተለያየ ምግብ ከበላ፣ ካልጠማው፣ ባጌጠ ሰፈር ከኖረ ነጥቡ ይጨምራል። ነጥቡ ሲጨምር ደግሞ ፈጥኖ ይራመዳል፣ በርትቶ ይሠራል፣ ዕድሜው ይረዝማል። የሁሉም ነጥብ ተደምሮ ተካፍሎ አንድ አማካይ ቁጥር ሆኖ ይታያል። ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ቁጥር ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ አንድ ጥያቄ ለመድረስ ነው። ከተማው ደህና ነው ስንል ደህና የሆነው ማን ነው?

አንዱን ቢቨር ጠቅ ስታደርጉት መስኮት ይከፈታል፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የሚሠራበት ቦታ፣ ረኃቡ፣ ጥማቱ፣ እንቅልፉ ይታያል። ስሙን ጌሙ ራሱ ያወጣለታል፤ መቀየር ግን ይቻላል። እኔ ውኃ መሳቢያው ላይ የሚሠራውን አንዱን ማንደፍሮ አልኩት። ምክንያት የለኝም፤ ሲራመድ ማንደፍሮ ይመስላል። አንድ ድርቅ ከጠበቅሁት በላይ ረዘመ። ከተማዋ በሁለት ወረዳ ተከፍላ ነበርና ማንደፍሮ ያለበት የታችኛው ወረዳ ውኃ ጨረሰ። የላይኛው ሞልቷል፤ ግን ለታችኛው ቢያካፍል ሁለቱም ሊያልቁ ነው። ቢቨሮቹን ከወረዳ ወረዳ ማሻገር ይቻላል፤ አንድ ቁልፍ ነው። የላይኛው ወረዳ ግን አልጋውም ውኃውም ልክ ላይ ነው። እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ። የታችኛው ወረዳ ጥማት ቀይ ሆነ፣ ነጥባቸው ወረደ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ሞቱ። ማንደፍሮም ሞተ። የሞት ማስታወቂያው ብቅ አለና ሄደ።

ያን ጊዜ ዓይኔ ወደ አማካዩ ቁጥር ሄደ። ከፍ ብሏል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከክፍሌ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ተማሪዎች ባስወጣ የክፍሉ አማካይ ውጤት ይጨምራል፤ አንድ ተማሪ እንኳ ምንም ሳይማር። የተጠሙት ሲሞቱ ከተማዋ በአማካይ ደስተኛ ሆነች። ጌሙ አልዋሸም፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። በወጉ ከታየ የቀሩት ሁሉ ደህና ናቸው፤ ደህና ያልነበሩት ደግሞ የሉም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጨዋታ መሆኑን መርሳት የጀመርኩት፤ ይህን ሒሳብ ከዚህ በፊት አውቀዋለሁና።

ቀያፋ ያወቀው ሒሳብ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንዱ ቢሞት ይሻላል ብሎ ሸንጎውን የመከረው ሊቀ ካህናት በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ስሙ ይነሳል፤ እኛም እንረግመዋለን። ግን እስኪ እንደ ከተማ አስተዳዳሪ እናስበው። ሮማውያን በደጅ አሉ፤ አመፅ ከተነሳ ቤተ መቅደሱም አገሩም ይጠፋል ብሎ ይሰጋል። በቁጥር ካየነው ስሌቱ አልተሳሳተም። የእሱ ክፋት የመደመርና የመቀነስ ስሕተት አይደለም። ሌላውን ሲቀንስ ራሱን ከሒሳቡ ውጪ አድርጎ መቆሙ ነው።

ስለ ቢቨር ደግሞ አንድ የጥንት ተረት አለ። ከግሪክ ወደ ግዕዝ በጥንት ከተተረጎሙት መጻሕፍት አንዱ ፊሳልጎስ ነው፤ የእንስሳትን ጠባይ እያነሳ ለነፍስ ትምህርት የሚያወጣ መጽሐፍ። የግሪኩ መጽሐፍ ስለ ቢቨር የሚናገረው እንዲህ ነው፤ አዳኞች የሚፈልጉት ለመድኃኒት የሚሆነውን ብልቱን ነውና፣ ሲያሳድዱት በጥርሱ ቆርጦ ይጥልላቸውና ነፍሱን ያተርፋል። ሥነ ሕይወቱ ከእውነት የራቀ ነው፤ ትምህርቱ ግን ኃጢአትህን ቆርጠህ ለሰይጣን ወርውርለትና ነፍስህን አድን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የተረቱ ቢቨር የሚቆርጠው የራሱን ነው። ክፍሉን ለጠቅላላው ሲሰጥ የሚያመው እሱን ነው። እኔ የታችኛውን ወረዳ ስቆርጥ ምን አመመኝ? ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም።

የእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ኮድ እኮ ነው» አለኝ። ልክ ነው፤ ማንደፍሮ አልተጠማም፤ የተጠማ የሚመስል ሥዕልና ቁጥር ነበር። የኮምፒውተር ቢቨር ነፍስ አለው ብዬ አልከራከርም። የምጠይቀው ስለ እኔ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚያይ ዓይን፣ ቁጥሩን እያየ ሲውል ምን ይሆናል?

ቁጥር ራሱ ክፉ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም፤ እኔም ቆጥሬያለሁና። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ እንደ ብዙ መምህራን ቆጣሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር። በኋላ አገሪቱ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት ሲባል፣ እኔ በየደጁ ቆሜ የጻፍኳቸው እዚያ ውስጥ አሉ። ልጅ አይቆጠርም የሚል ቤተሰብ ያጋጥም ነበር። «እግዜር የሰጠን ያህል አሉ» ይሉና ዝም። ዓይን ይገባል ነው ነገሩ። ማግባባት ነበረብን።

ከመጠይቁ አንዱ ክፍል ለእናቶች ነበር። ስንት ወልደዋል፣ አብረዎት ያሉ ስንት፣ ሌላ ቦታ የሚኖሩ ስንት፣ የሞቱ ስንት። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቡና እያፈሉ ተቀበሉኝ። ስንት ወለዱ ስላቸው «ዘጠኝ» አሉ። በሕይወት ያሉት ስድስት ሆኑ። «የሞቱት እንግዲህ ሦስት፣ እማማ?» ስል ጀበናውን አስቀመጡና ስማቸውን መጥራት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው እከሌ፣ በኩፍኝ፣ ሲሄድ ገና መራመድ ጀምሮ ነበር፤ ሁለተኛዋ እከሊት። ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ለአንድ አኃዝ ብቻ የሚበቃ ነው። ተናግረው ሲጨርሱ «ጻፍካቸው ልጄ?» አሉኝ። «ጽፌያለሁ» አልኳቸው፤ ሦስት ብዬ። አመሰገኑኝ፣ ቡናውንም ሳልጠጣ አልሄድኩም።

እኔ ያንን ቅጽ አልንቅም። ለሞቱት ቦታ ያበጀ ሰው ነው ያዘጋጀው። ከዚያ አኃዝ ላይ ተነስቶ ስንት ሕፃን እንደሚሞት፣ የት እንደሚሞት ይታወቃል፣ ክትባትም ይላካል። ግን ቅጹ የሚፈልገውና እናትየው የሰጡት አንድ ነገር አልነበረም። እሳቸው ዘጠኝ ሲሉ እየደመሩ አልነበረም።

ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ ምን እንዳጠፋ ሊቃውንቱ ብዙ ብለዋል። ኢዮአብ ይህ ነገር ይቅርብህ ብሎት ነበር፤ አልሰማም። ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ተቆጠረ፤ ከእስራኤል 800 ሺህ፣ ከይሁዳ 500 ሺህ ሰይፍ መዛዥ ተገኘ። ከዚያ ቸነፈር መጣና 70 ሺህ ሰው ወደቀ። በልጅነቴ የሚገርመኝ ኃጢአቱ የንጉሡ ሆኖ ሳለ የሞተው ሕዝቡ መሆኑ ነበር። አሁን ታሪኩን ሳነበው ዓይኔ የሚቆመው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ዳዊት መልአኩን ሲያይ፣ ያጠፋሁት እኔ፣ እነዚህ በጎች ምን አደረጉ፣ እጅህ በእኔና በአባቴ ቤት ላይ ይሁን አለ። ሰይፍ መዛዥ ብሎ የቆጠራቸውን በግ ብሎ ጠራቸው። ራሱንም ወደ ሒሳቡ አስገባ። ቀያፋ ያላደረገውን ነው ያደረገው።

ከሁሉ በላይ ግን ማንደፍሮ የመለሰኝ ወደ ኢዮብ ነው። ከድርቁ በኋላ ዝናብ መጣ፤ ወንዙ ሞላ። የምጫወተው ፎክቴይልስ በተባሉት ቢቨሮች ነው፤ እነሱ በየቤታቸው ባዶ ቦታ ካለ ይወልዳሉ። (አይረን ቲዝ የሚባሉት ሌላው ወገን ልጅ የሚያፈሩት ውኃና ፍሬ በሚሞላበት በርሜል መሰል ዕቃ ውስጥ ነው፤ እሱን አልወደድኩትም፤ ምንም እንኳ ለአስተዳደር የሚመች እሱ ቢሆንም።) የታችኛው ወረዳ ቤቶች ባዶ ነበሩና ወዲያው በግልገል ተሞሉ። ብዙም ሳይቆይ የሕዝቡ ቁጥር ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ አለፈውም። ማንም ከላይ ሆኖ ቢያይ ድርቅ እንደነበረ አያውቅም።

ኢዮብ ሲፈተን 7,000 በግ፣ 3,000 ግመል፣ 500 ጥማድ በሬ፣ 500 አህያ፣ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ሁሉንም አጣ። በመጨረሻ እግዚአብሔር መለሰለት፤ 14,000 በግ፣ 6,000 ግመል፣ 1,000 ጥማድ በሬ፣ 1,000 አህያ። ልጆቹስ? ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፤ ያው አሥር። ከብቱ ሁሉ እጥፍ ሆኖ ልጆቹ ለምን እጥፍ አልሆኑም ለሚለው ጥያቄ መምህራን የሚሰጡት መልስ አለ፤ ከብት ሲሞት ጠፍቶ ይቀራል፣ ልጆቹ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ናቸው፣ ስለዚህ አሥሩ ላይ አሥር ሲጨመር ሃያ፤ እጥፍ ሆነ። ይህን መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ለካ እኒያ ዘጠኝ ያሉኝ እናት የቆጠሩት በዚህ ሒሳብ ነው። ስድስትና ሦስት ሁልጊዜ ዘጠኝ ነው።

ሆኖም መጽሐፉ አንድ ነገር አይሸፍንም። የኋለኞቹ ሦስት ሴቶች ልጆች ስማቸው ተጽፏል፤ ቁንጅናቸው ተነግሯል፤ ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት ተካፍለዋል። ቤቱ ተደርምሶባቸው የሞቱት አሥሩ ግን አንዳቸውም በስም አልተጠሩም። ኢዮብ ምን ብሎ ይጠራቸው እንደነበረ እኛ ዘንድ አልደረሰም። እሱ ግን እነዚያን አዲሶቹን ልጆች አቅፎ ሲያድር የትኛውን ስም እየተሳሳተ ይጠራ ነበር? አባት የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ጌሙ ለኢዮብ ያልተሰጠ አንድ ነገር ለእኔ ሰጥቶኛል፤ ሴቭ ያደረግሁትን ሎድ ማድረግ እችላለሁ። አደረግሁትም። ከድርቁ በፊት ወደነበረው ቀን ተመለስኩ፤ ማንደፍሮ ውኃ መሳቢያው ላይ ቆሟል። ውኃውን በጊዜ አከፋፈልኩ፣ ወረዳዎቹን አስተካከልኩ፣ ማንም አልሞተም። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልዘለቀም፤ ከድርቁ በኋላ የተወለዱት ግልገሎች የሉም። የታችኛው ወረዳ ቤቶች ባዶ ስላልሆኑ የሚወለዱበት ቦታ አልነበረም። አልሞቱም፤ የሞት ማስታወቂያ አልወጣላቸውም፤ ድሮም እንዳልነበሩ ሆኑ። የእህቴ ልጅ ለአንዷ ቀይ ግልገል ስም አውጥቶላት ነበር።

እስኪ ይህንን ወደ ኢዮብ እንውሰደው። ከሁሉ በኋላ፣ አዲሶቹን ልጆች አሳድጎ ርስት ካካፈለ በኋላ፣ አንድ ድምፅ መጥቶ ወደዚያ ቀን ልመልስህ፣ ቤቱ አይደረመስም፣ አሥሩ ይድናሉ፤ እነዚህ አሥሩ ግን አይወለዱም ቢለው ምን ይል ነበር? ሁለት ሌሊት ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ብዙ ሰው ፈጣሪን የሚጠይቀው ለምን አልከለከልክም፣ ለምን ወደ ኋላ አትመልሰውም እያለ ነው፤ እኔም በሐዘን ቀን እንዲሁ ብዬ አውቃለሁ። ላፕቶፑ ላይ ሆኜ ሳየው ግን ወደ ኋላ መመለስ ምሕረት መሆኑን ተጠራጠርኩ። በእያንዳንዱ ሎድ የሚጠፉ አሉ፤ የሚጠፉትም ያለ ሐዘንተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ትንሣኤ ግን ታሪክን የሚሰርዝ አይደለም። የተነሣው ጌታ የችንካሩ ቀዳዳ በእጁ ላይ ነበረ። ቁስሉ ሳይጠፋ ሞት ድል ተነሣ፤ ሎድ አልተደረገም።

የእህቴ ልጅ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፤ አይሸነፍም። «እሺ ጋሼ፣ ግን በየሟቹ ላይ ከቆሙ ከተማው በሙሉ ያልቃል። አንድ ሰው ማስላት አለበት» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ከጨዋታ ጋር በአንድ ገጽ ማንሳት ይከብደኛል፤ ግን መልሱ ያለው እዚያ ስለሆነ አነሳዋለሁ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ መቀሌ ላይ ክሌር በርትሺንገር የምትባል እንግሊዛዊት የቀይ መስቀል ነርስ ነበረች። የምግብ ጣቢያው የሚችለው ጥቂት አሥሮች ሕፃናትን ብቻ ሲሆን የተሰለፈው ከሺህ በላይ ነበር። መምረጥ የእሷ ሥራ ሆነ። በሰልፉ መካከል እየሄደች፣ ለመትረፍ የሚችል የመሰላት ሕፃን ላይ ምልክት አደረገች፤ የቀሩትን አለፈቻቸው። ያ ስሌት ነው። ካልተሰላ ምግቡ ለሁሉም ጠብ ሳይል ሁሉም ሊያልቁ ነው። ግን ስሌቱ አላጽናናትም፤ ብዙ ዓመት ስለዚያ ነገር ማውራት እንኳ አቅቷት እንደኖረች ራሷ ተናግራለች። ልክ ስለሠራች ቀለላት አይባልም።

«ስለዚህ ማስላቱን አልተቃወምኩም» አልኩት። «አስልቶ መተኛቱን ነው።»

«ታዲያ ቢቨሮቹ ምን ይሁኑ ነው የሚሉት?»

መልስ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ነው፤ ጎረቤታችን አርፈው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ። የወንዶች እድራችን ትልቅ ነው፤ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል። «አቤት» የማይል ይቀጣል። ሌሊት የጡሩምባ ነፊው ድምፅ ሰፈሩን ሲቀሰቅስ፣ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል፣ ባለ ታክሲው ያቆማል፣ እኔ ክፍለ ጊዜዬን ለሌላ መምህር እሰጣለሁ። የእድሩ ዳኛ ሰነፍ አባላትን እየገሠጸ ሳለ አንድ ነገር ታየኝ፤ እዚህም ይቆጠራል። በአንድ ሰው መሞት ምክንያት በሕይወት ያሉት ሁሉ በየስማቸው ይቆጠራሉ። በቆጠራውም የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ መጥተሃል ወይ? አማካይ የለውም። ሟቹ ሀብታም ይሁን ድኻ፣ ጠቃሚ ይሁን ሥራ ፈት፣ ድንኳኑ ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ንፍሮው ያው ነው። በፍትሐቱም ካህኑ በክርስትና ስሙ ይጠራዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ የማያውቀው ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ያን ቀን ነው።

ያን ማታ ጌሙን ከፍቼ የሕንፃዎቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አየሁት። ጥርስ መሳያ አለ፤ ጭቃ መንከባለያ አለ፤ ማሰላሰያ አለ፤ ሐውልትም ሞልቷል፤ ለገበሬው የቆመ ሐውልት እንኳ አለ። መቃብር የለም። የሞተ ቢቨር የሚሄድበት ቦታ የለም። ከጎኑ ይሠራ የነበረው ባልደረባው ሥራውን አያቆምም። በዚያች ከተማ ሁሉ ነገር ተሟልቶ የጎደለው ይህ ነው ብዬ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት።

እሱም እንደ ጎበዝ ልጅ ወዲያው መፍትሔ አመጣ። ተጫዋቾች ራሳቸው እየሠሩ ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር አለ፤ ሞድ ይሉታል። «መቃብር እሠራልዎታለሁ ጋሼ፤ አስቸጋሪ አይደለም። ሃያ ግንድ እንጨት ይፈጅ እንበል። ቢቨር ሲሞት የሚያውቁት ሁሉ ወደዚያ ይሄዳሉ።»

«ሥራቸውን ትተው?»

«ትተው። ግን እንዳይጎዱ ሲመለሱ የደኅንነት ነጥብ እንጨምርላቸዋለን። ሁለት ነጥብ። አለበለዚያ ማንም ተጫዋች አይሠራውም።»

«ነጥቡን ተወው» አልኩት።

«እንዴት ጋሼ? ያለ ነጥብ ምን ይጠቅማል? ከተማው እንጨትም ጊዜም ያወጣበታል፣ በምላሹ ምንም አያገኝም።»

«አዎ» አልኩት። «እንደዚያ አድርገህ ሥራው።»

ጥቂት አሰበና ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረ። በዚያ ጌም አሠራር ምንም የማይሰጥ ሕንፃ ማስገባት እንዴት እንደሚቻል ማየት እንዳለበት ነገረኝ። እስካሁን አልጨረሰውም።